አንቀጽ አራት እና የመሥራቹ የኋላ ማርሽ

የእሁድ ጠዋት ብስክሌተኞች ማኅበር አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ። ቀኑ ቅዳሜ ስለመሆኑ ተቃውሞ አልቀረበም። ከወሩ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ለማረጋገጥ የግድግዳው ካላንደር ታይቶ የአምናው ሆኖ በመገኘቱ፣ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።

ቦታ፦ የሰዓት ጠጋኙ ሱቅ ጓዳ። አንድ ጠረጴዛ፣ አራት ወንበር፣ አንድ የተገለበጠ ሳጥንና ባለቤቶቻቸው የረሷቸው በርካታ ሰዓቶች ይገኙበታል።

የተጀመረበት ሰዓት፦ በዚህ ላይ ረዘም ያለ ውይይት ተደርጓል። ግድግዳው ላይ ካሉት ሰዓቶች ሁለቱ እንኳ የሚስማሙ አልነበሩም። ገንዘብ ያዧ «ሰዓት ሠሪ ቤት መጥተን ሰዓት ጠፋ!» ሲሉ፣ ሰዓት ጠጋኙ «እህቴ፣ ሆስፒታል ገብተሽ ጤነኛ ትፈልጊያለሽ እንዴ?» ሲሉ መልሰዋል። ሊቀመንበሩ፣ ከበሩ በላይ የተሰቀለው ባለፔንዱለም ትልቅ ሰዓት በግዝፈቱም በዕድሜውም ሊከበር የሚገባው ስለሆነ የስብሰባው ኦፊሴላዊ ሰዓት እንዲሆን ሐሳብ አቅርበው ጸድቋል። በዚሁ ሰዓት መሠረት ስብሰባው ልክ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ተጀምሯል። ሰዓት ጠጋኙ በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ሊቀመንበሩ ከአጀንዳ ውጭ ነው ብለው አስቁመዋቸዋል።

የተገኙ፦

ሊቀመንበር፣ የመሬት ቀያሹ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚለኩት መሬት ስላጡ ያገኙትን ሁሉ ይለካሉ።

ገንዘብ ያዥ፣ ፋርማሲስቷ።

የቴክኒክ ኃላፊ፣ ሰዓት ጠጋኙ። የአባላቱን ብስክሌት ሁሉ የሚያበጁት እርሳቸው ናቸው። «ሰዓትና ብስክሌት አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው ሰዓት ላይ ቁጭ አይባልም» የሚል የቆየ አቋም አላቸው።

ጸሐፊ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው። የተሾመው በምርጫ ሳይሆን በዕለቱ እስክሪብቶ የያዘ እሱ ብቻ ስለነበረ ነው። ሳጥኑ የእሱ መቀመጫ ነው።

በታዛቢነት፣ የመሥራቹ ባለቤት እትዬ። ድምፅ የመስጠት መብት የላቸውም፤ ድምፅ ግን አላቸው።

ያልተገኙ፦ የማኅበሩ መሥራችና የክብር ፕሬዚዳንት ጋሼ፣ ዕድሜ ልካቸውን ማተሚያ ቤት አራሚ የነበሩት፣ በወገብ ሕመም ምክንያት። ይሁንና ባለቤታቸውን ካደረሱ በኋላ የአባላቱን ብስክሌቶች እጠብቃለሁ ብለው፣ ልክ ከጓዳው መስኮት ሥር በውጭ በኩል በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ደንቡ አምስት አባላት ይጠይቃል፤ የተገኙት አራት ናቸው። ሊቀመንበሩ ሜትራቸውን አውጥተው ከጠረጴዛው እስከ መስኮቱ ለክተው፣ ጋሼ ከጸሐፊው ይልቅ ለጠረጴዛው ቅርብ መሆናቸውን አረጋግጠዋል። ከረዥም ውይይት በኋላ ጋሼ ለምልዓተ ጉባኤ ሲባል እንደተገኙ፣ ለውይይት ሲባል እንዳልተገኙ እንዲቆጠር ተወስኗል። ከመስኮቱ ውጭ ሳል ተሰምቷል፤ እንደ ስምምነት ተወስዷል።

አጀንዳ አንድ፦ የእትዬ አቤቱታ

እትዬ እንዲናገሩ ሲጋበዙ አስቀድመው እየተናገሩ ስለነበር ግብዣው እንደተፈጸመ ተቆጥሯል።

እንዳስረዱት፣ ጋሼ ከማኅበሩ ጋር የእሁዱን ዳገት ከወጡ አራት እሁድ አልፏል። በመጀመሪያው እሁድ ሳል፣ በሁለተኛው እንግዳ፣ በሦስተኛው ዝናብ አመካኝተዋል። እንግዳ የተባለው የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ሲሆን፣ ዝናብ ጣለ በተባለበት ቀን እትዬ ልብስ አስጥተው ነበር። አራተኛው እሁድ ምክንያት እንኳ አልተፈለገለትም። ከዚያ ወዲህ ቤት ይውላሉ። ቤት የዋለ አራሚ ደግሞ የሚያርመው አያጣም።

«የኮሞዲኖዬን መሳቢያ ‹ይንቀጫቀጫል› ብሎ ፈታው፤ ድሮ ይንቀጫቀጭ የነበረው ዛሬ ጭራሽ አልዘጋም አለ። የወጥ ቤቱን በር ‹ያዘነብላል› ብሎ ከታች ላገው፤ አሁን የጎረቤት ድመት በሩ ሳይከፈት ትገባለች። ትናንት ማታ ደግሞ እኔን ትክ ብሎ ሲያየኝ ነበር። የቀረሁት እኔ ነኝ፣ ልጆቼ።»

ሊቀመንበሩ ለቤቱ ችግር የማኅበሩን ኀዘን ገልጸው ወደ ብስክሌቱ ጉዳይ እንዲገቡ በትሕትና ጠይቀዋል። እትዬም «እየገባሁ ነው፤ ዳገት አታውቅም እንዴ፣ ቀስ ነው» ብለው፣ ጋሼ ብስክሌታቸውን ሊሸጡት መሆኑን ተናግረዋል። ገዢው ሊነዳት አይደለም። ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጌጥ ሊሰቅላት ነው። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስዳታል።

ያቺ ጉበት ቀለም ብስክሌት ጋሼ በጉርምስናቸው የገዟት፣ ከጎማዋ በቀር አንድ ብሎን ያልተቀየረላት ናት።

ምክንያቱ ምን እንደሆነ ሲጠየቁ እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል። ዝቅ ያለው ድምፅ መንገዱን ተሻግሮ ይሰማል። «አረጀሁ ነው የሚለኝ። እናንተ ኮርቻችሁ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ወሬያችሁን እየጠረቃችሁ ትወጣላችሁ አሉ። እሱ አራተኛው ኩርባ ላይ ፔዳሉ ላይ ቆሞ ትንፋሹን ይፈልጋል። ‹ልጆቹ በርትተዋል፣ እኔ አበቃልኝ፤ ሸክም ከምሆንባቸው ልቅርባቸው› አለኝ።»

ይህ ሲነገር ሊቀመንበሩ ጣሪያውን ሲመረምሩ፣ ገንዘብ ያዧ የቦርሳቸውን ዚፕ ሲዘጉና ሲከፍቱ፣ ሰዓት ጠጋኙ የተሞላ ሰዓት ሲሞሉ ታይተዋል። ጸሐፊው በተለየ ጥንቃቄ ይጽፍ ነበር።

ውሳኔ፦ ብስክሌቷ ግድግዳ ላይ እንዳትሰቀል በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። እንዴት የሚለው በአጀንዳ ሁለት እንዲታይ ተደርጓል።

አጀንዳ ሁለት፦ ቀለል ያለ ማርሽ ስለመግጠም

እትዬ «ዳገት የሚያቀልል ማርሽ አለ ይባላል። ግጠሙለትና ይውጣ። ይሄ ስብሰባ ያስፈልገዋል?» ብለው ጠይቀዋል። ሊቀመንበሩም ስብሰባ እንደሚያስፈልገው ለማስረዳት አንቀጽ አራትን በንባብ አሰምተዋል፦

«ማንኛውም አባል ከሃያ አራት ጥርስ የሚበልጥ የኋላ ማርሽ አይገጥምም። ዳገቱን በጉልበቱ ይወጣል። ጉልበት ያነሰው የጓደኞቹን ካፖርት ይዞ ከታች ይጠብቃል።»

አንቀጹን ያረቀቁት፣ ማተሚያ ቤት ፊደሉን ያስለቀሙት፣ ያረሙትና በመስተዋት አስገብተው ለየአባሉ ያደሉት ጋሼ ራሳቸው ናቸው፤ ያኔ ጭናቸው እንደ ግንድ ነበር። አንድም የፊደል ግድፈት ስለሌለው ሊነካ እንደማይችል ሊቀመንበሩ አስገንዝበዋል።

የቴክኒክ ኃላፊው ጉዳዩን በሲኒና በሰሃን አስረድተዋል። የኋላው ማርሽ ሲኒውን ሲያህል ፔዳሉ ይከብዳል፣ መንገድ ግን ይጎርሳል። ሰሃኑን ሲያህል ፔዳሉ ይቀላል፤ እግር ብዙ ይዞራል፣ ብስክሌቱ ቀስ ይላል፣ ሰውየው ግን ይተነፍሳል። የጋሼ ብስክሌት አሮጌ በመሆኗ ችግሩ ሰሃኑ አይደለም፤ ካምቢዮው ነው። ካቴናውን ከማርሽ ወደ ማርሽ የሚያሻግረው ይህ ክንድ በዚያ ዘመን አጭር ሆኖ ይሠራ ስለነበር ሠላሳ ሁለት ጥርስ ካለው ትልቅ ማርሽ ላይ አይደርስም። ስለዚህ ትልቁ ማርሽ፣ ክንደ ረጅም ካምቢዮና ረዘም ያለ ካቴና አብረው መግባት አለባቸው፤ አንዱን ገጥሞ ሌላውን መተው ካቴናውን ገመድ እንዳነሰው በሬ ያስወጥረዋል። ሦስቱም ዕቃ በአጋጣሚ መሳቢያቸው ውስጥ እንደሚገኝ ጨምረው ገልጸዋል።

ገንዘብ ያዧ በአጋጣሚ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠይቀው፣ «ለክፉ ቀን» የሚል መልስ ተሰጥቷቸዋል። ጥያቄያቸውን አልገፉበትም።

ቀጥሎ ደንቡን ሳይጥሱ ጋሼን ዳገት ማስወጫ ሐሳቦች ቀርበዋል።

ሊቀመንበሩ፣ ዳገቱ ሜዳ ተብሎ እንዲመዘገብ ሐሳብ አቅርበዋል። አንድ መሬት ዳገት ነው የሚባለው ከታች ሆኖ ለለካው ብቻ መሆኑን፣ ከላይ ቢለካ ቁልቁለት እንደሚሆን፣ የሁለቱ አማካይ ደግሞ ሜዳ መሆኑን በንድፍ አስረድተዋል። ሰዓት ጠጋኙ «ጉልበቴም በንድፍ ቢወጣልኝ ጥሩ ነበር» በማለታቸው ለአፍታ ግጭት ተፈጥሮ ነበር። ሐሳቡ አላለፈም።

ገንዘብ ያዧ፣ ማርሹ በሐኪም ትእዛዝ ወረቀት እንዲጻፍ ሐሳብ አቅርበዋል፤ «አንድ ማርሽ፣ ከቁርስ በፊት፣ በባዶ ሆድ።» ጋሼ የታዘዘላቸውን መድኃኒት አይጥሉም ሲሉ ተከራክረዋል። እትዬ «ለወገቡ የሰጠሽውን ቅባት የበር ማጠፊያ ቀባበት» ሲሉ ሐሳቡ ያለ ድምፅ አሰጣጥ ወድቋል።

በመጨረሻ የቴክኒክ ኃላፊው፣ ዛሬ ማታ ጋሼን ሸለብ ሲያደርጋቸው እትዬ ብስክሌቷን በጓሮ እንዲያስወጡ፣ ማርሹ ተገጥሞ እንዳይታወቅ ጭቃ ተለቅልቆ እንዲመለስ ሐሳብ አቅርበዋል። ጭቃ እንደሚደብቅ በምን እንደሚያውቁ ሲጠየቁ «በልምድ» ብለዋል።

ውሳኔ፦ ማርሹ በድብቅ እንዲገጠም፣ ምስጢሩም በጥብቅ እንዲጠበቅ ከረዥም ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። መስኮቱ ክፍት መሆኑን ያስታወሰ አልነበረም።

አጀንዳ ሦስት፦ በአጀንዳ ያልተያዘ፣ ከመስኮት የመጣ

ውሳኔው በንባብ እየተሰማ ሳለ ከውጭ የጋሼ ድምፅ ተሰምቷል።

«የቀያሹ ብስክሌት ታሟል እንዴ? የኋላ ማርሹ አብጧል።»

ሊቀመንበሩ ተናጋሪው ለውይይት ሲባል እንዳልተገኙ አስታውሰው አስተያየቱ እንዳይመዘገብ አዘዋል። ጸሐፊው ይህንን ትእዛዝ መዝግቧል።

ጥቂት ቆይቶ የፌስታል ኮሽታ ተሰማ። «ፋርማሲስቷ፣ በዚህ ፀሐይ የፊት ማርሽሽን ፌስታል ያለበስሽው ብርድ እንዳይመታው ነው? ውይ፣ ለካ ሕፃን ነው! ከኔው ግማሽ አይሞላም።» ገንዘብ ያዧ የፊት ማርሽ ማሳነስ በአንቀጽ አራት በግልጽ እንዳልተከለከለ፣ ደንቡ የሚናገረው ስለ ኋላው መሆኑን በፈጣን ንግግር አስረድተዋል። ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

ጋሼ ብስክሌት ሲነዱ የማረሚያ መነጽራቸውን እንደማያደርጉ፣ ዛሬ ግን ለጋዜጣው ሲሉ እንዳደረጉት በዚህ ጊዜ ተስተውሏል። ሰዓት ጠጋኙ ተነሥተው መስኮቱን ሊዘጉ ሲሉ «አንተ ቁጭ በል፣ ያንተን አይቼ ጨርሻለሁ» ተብለው ተቀምጠዋል። የጸሐፊው ብስክሌት በዚህ አጀንዳ አልተያዘም። ቢያዝም ኖሮ ከሌሎቹ የተለየ ነገር አይገኝበትም ነበር።

ጋሼ በበሩ በኩል ገቡ። ምልዓተ ጉባኤውም ያለ ክርክር ተሟላ። ጣታቸው ላይ ያለውን ጭቃ በሊቀመንበሩ የአጀንዳ ወረቀት ጠርገው፣ የተገለበጠው ሳጥን ላይ ተቀመጡ፤ ጸሐፊው ከዚህ በኋላ ያለውን የጻፈው ቆሞ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ።

ሰዓት ጠጋኙ ከሦስት ዓመት ወዲህ መሆኑን አምነዋል። ለእያንዳንዱ አባል «ላንተ ብቻ ነው፣ ለማንም እንዳትናገር» እያሉ እንደገጠሙ፣ ለራሳቸውም እንደዚሁ ብለው እንደገጠሙ አልሸሸጉም። አባላቱ እርስ በርስ ተያዩ። ቀያሹ ፋርማሲስቷን «አንቺም?» ሲሉ፣ ፋርማሲስቷ ጸሐፊውን «አንተም?» ብለዋል። ሁሉም ደንብ የጣሰ እሱ ብቻ እየመሰለው፣ የሌሎቹን ጉልበት እያደነቀ ሦስት ዓመት ዳገት ሲወጣ መኖሩ ግልጽ ሆኗል።

ጋሼ ሲናገሩ በድምፃቸው ቁጣ አልነበረም። «እኔ እኮ አረጀሁ ብዬ ነው የተውኩት። ቁልቁል የማየው አስፋልት ብቻ ሆኖ፣ እናንተ ከላይ ስትስቁ ይሰማኝ ነበር።»

ፋርማሲስቷ እንዲናገሩ ሳይፈቀድላቸው ተናግረዋል። «ጋሼ፣ እርስዎ ሁልጊዜ ከፊት ነበሩ። እሁድ እሁድ የማየው ጀርባዎን ብቻ ነበር፤ የሸሚዝዎን ስፌት ከሰፊው ይበልጥ አውቀዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ አጠገብዎ ሆኜ ላወራዎት ብዬ ነው ማርሹን ያስቀየርኩት።»

ቀያሹ «እኔም» አሉ። ሰዓት ጠጋኙም እንደዚሁ። ሁሉም አጠገባቸው ለመድረስ ማርሽ ቀይረው፣ ሁሉም በአንድ ላይ አልፈዋቸው እንደሄዱ ከውይይቱ ለመረዳት ተችሏል።

«እንግዲያው አላረጀሁም?» ጋሼ ጠየቁ።

«አርጅተሃል፤» አሉ እትዬ፣ «ግን የተባለውን ያህል አይደለም።»

ጋሼ በዚህ ተነቃቅተው ከሳጥኑ ተነሥተዋል። ነገ በአሮጌው ማርሻቸው እንደሚወጡ፣ አንቀጽ አራት ከዛሬ ጀምሮ እንደሚከበር፣ ሁሉም አባላት ሰሃናቸውን ፈትተው ወደ ሲኒያቸው እንዲመለሱ ሐሳብ አቅርበዋል። ሐሳቡ በአንድ ድጋፍ፣ ያለ ተቃውሞ፣ አራት ሰዎች ወለሉን እያዩ አልፏል። ሊቀመንበሩ ነገ ካፖርት ይዘው ከታች ለመጠበቅ በፈቃዳቸው ተመዝግበዋል። ገንዘብ ያዧና የቴክኒክ ኃላፊውም ተመዝግበዋል። ጸሐፊው ካፖርት የለውም፤ ቢሆንም ተመዝግቧል።

እትዬ «እንግዲህ ዳገቱን ብቻህን ልትወጣው ነው» አሉ። «ደግሞስ ያ ጉልበትህ ማታ ማታ እንደ መሳቢያዬ የሚጮኸው?»

ጋሼ ይህ ከአጀንዳ ውጭ መሆኑን ገልጸዋል።

«እኔ ራሴ ከአጀንዳ ውጭ ነኝ፤ ዝም ብለህ ስማኝ። አራት እሁድ መስኮት ላይ ቆመህ የዋልከው ዳገቱ ናፍቆህ ነው ወይስ እነሱ?»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉ። ፊታቸውን ወዲያ ሲያዞሩ ዓይናቸው ከበሩ በላይ ካለው ትልቅ ሰዓት ላይ አረፈ፤ እዚያውም ቆየ።

«ጸሐፊ፣ ስብሰባው ስንት ሰዓት ተጀመረ ብለህ ጻፍክ?»

ጸሐፊው ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ መሆኑን አነበበ።

«አሁንስ ስንት ነው?»

ሁሉም ቀና ብለው አዩ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር። ሰዓት ጠጋኙ ሰዓቱ ሞላው ተሰብሮ ከቆመ መክረሙን፣ ይህንንም ገና ከመጀመሪያው ሊናገሩ ሲሉ መከልከላቸውን ገልጸዋል።

አጀንዳ አራት፦ የመሥራቹ እርማት

ጋሼ በአራሚነት ዘመናቸው ብዙ ስሕተት ቢያዩም፣ በጀመረበት ደቂቃ ያለቀ ስብሰባ አጋጥሟቸው እንደማያውቅ ተናግረዋል። ምንም ጊዜ ያልወሰደ ስብሰባ የሚሰማበትም፣ የሚወያይበትም፣ የሚወስንበትም ፋታ እንደሌለው አስረድተው፣ «ኦፊሴላዊ ሰዓታችሁን ያጸደቃችሁት እናንተው ናችሁ» ብለዋል። ሊቀመንበሩ የሚለኩት ነገር በማጣታቸው ተስማምተዋል።

ጋሼ ወደ ሰዓት ጠጋኙ ዞሩ። «ስብሰባ ከሌለ ሥራ ፈትተህ ለምን ትቀመጣለህ? ያንን የክፉ ቀን ካምቢዮህን አምጣው።»

ጉበት ቀለሟ ብስክሌት በጸሐፊው ከቤት ተገፍታ መጣች፤ ወደ ጓዳም ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተገልብጣ ቆመች። ቀያሹ ካቴናውን ሁለት ጊዜ ለክተው፣ የትኛው ቀለበት ላይ እንደሚቆረጥ አሳዩ። ፋርማሲስቷ ብሎኖቹን በሽሮፕ ክዳን ይዘው ቆሙ። ጸሐፊው ፔዳሉን በእጁ ሲያዞር፣ ሰዓት ጠጋኙ አዲሱን ክንድ በሰዓት መፍቻ ቃኙት፤ ካቴናው ከሲኒው ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ሰሃኑ ላይ ወጣ፤ ምንም አልተንቀጫቀጨም። ጋሼ አጎንብሰው እንደ መጨረሻ ማረሚያ ገጽ መረመሩት። ከዚያ ጥቂት ጭቃ እንዲቀባበት ጠየቁ። «ደንብ ደንብ ነው» አሉ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በዚህ ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ፣ ስብሰባው ስላልተካሄደ፣ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። የካፖርት ተጠባባቂዎች ምዝገባ ተሰርዟል። አንቀጽ አራት አንድ ፊደል ሳይነካ ይጸናል፤ ዘወትር እሁድ አባላቱ ዳገቱ ሥር ቆመው ያነቡታል፤ ከዚያ ሁሉም ጭቃቸውን ይዘው አጠገብ ላጠገብ ይወጣሉ። ነገ መነሻው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ብስክሌት ገዢው ሁለት ሰዓት ላይ ሲመጣ ቤት የሚያገኘው ድመቷን ብቻ ይሆናል፤ እትዬ የዋጋውን ነገር ከእርሷ ጋር እንዲነጋገር ፈቅደዋል።

እትዬ ድምፅ የመስጠት መብት ባይኖራቸውም ነገ ማንም መሳቢያቸውን እንዳይነካ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ጠይቀዋል። ሰፍሯል።

ጋሼ ይህን ጽሑፍ አንብበው ሁለት ነጠላ ሰረዝ ጨምረው «ታርሟል» ብለው ፈርመዋል።

ስብሰባው በኦፊሴላዊው ሰዓት መሠረት ልክ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ተጠናቋል። ውጭ መሽቶ ነበር።